ፋርጣን ረስቶ ደብረ ታቦርን ማልማት አይቻልም

የተከበራችሁ የደብረ ታቦር፣ የወረታ፣ የአዲስ ዘመን፣ የንፋስ መውጫ፣ የመካነ ኢየሱስና የሌሎችም የደቡብ ጎንደር ከተሞች መራጮች!

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ወደ ከተማ የሚላከው የተስፋ ቃል ተመሳሳይ ነው። አስፋልት ይነጠፋል፣ መብራት አይጠፋም፣ ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ሥራ ይይዛል ይባላል። እኛም ስለ አስፋልትና ስለ መብራት የምንለው አለን፤ በዚህ መግለጫ ሌላ ክፍል ታገኙታላችሁ። በዚህ ክፍል ግን የምናነሣው ማንም ለከተማ ሰው የማይነግረውን ጉዳይ ነው። እርሱም ከተማችንን ከብቦ የያዘው የፋርጣ ሕዝብ ጉዳይ ነው።

«ስለ ገበሬ ለከተማ ሰው መንገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። የምትበሉት ድንችና ገብስ ከፋርጣ ይመጣል። ውኃችሁ የሚመነጨው ከፋርጣ ደጋ ነው። ቤት ለመሥራት የምትጠብቁት ቦታ ትናንት የፋርጣ ገበሬ ማሳ ነበር። በየጎዳናው ሥራ ፈላጊ ሆኖ የምታዩት ወጣት፣ ከእናንተው ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖረው ጎረቤታችሁ፣ ብዙው የዚያ ገበሬ ልጅ ነው። ስለዚህ የዙሪያው ችግር የከተማው ችግር ነው።

1. ፋርጣ ምን ዓይነት ወረዳ ነው?

ፋርጣ ደብረ ታቦርን እንደ ቀለበት የከበበ ወረዳ ነው። በምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። በምዕራብ መሬቱ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚሁ ደጋ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ድንች ይመረትበታል፤ የበጉ ዝርያ እንኳ «የፋርጣ በግ» ተብሎ በአገር ደረጃ ይታወቃል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳናም በመካከሉ ያልፋል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የፋርጣ ነዋሪ 232,181 ነበር። የወረዳው ስፋት 1,099 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 211 ሰው ይደርሳል። የደቡብ ጎንደር ዞን አማካይ ግን 146 ገደማ ነበር። በዚያ ቆጠራ ጊዜ የዛሬው ጉና በጌምድር ወረዳም የፋርጣ አካል ነበር፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፋርጣ ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው። ልብ በሉ! 211 የተባለው ገደሉም፣ ድንጋያማው ተረተርም፣ ብርዳሙ የጉና አናትም ተቆጥሮ ነው። በሚታረሰው መሬት ላይ ብቻ ቢሰላ ጥበቱ ከዚህ የባሰ ነው።

ከተማዋስ? ደብረ ታቦር በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 22,455 ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. 55,596 ሆነች። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የዞኑ ጠቅላላ ሕዝብ የጨመረው በ16 በመቶ ገደማ ሲሆን ከተማዋ ግን ከእጥፍ በላይ አድጋለች። ይህ ሁሉ ሰው በከተማዋ አልተወለደም። ከዙሪያዋ መሬት አልበቃው ብሎ የገባ ብዙ ነው።

ዋና ከተማ በዙሪያው ገበሬ ጫንቃ ላይ መኖሩ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መናገሻ ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት፣ በአጠገቧ በጋፋት ሴባስቶፖልን ያስቀለጡባት፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም የቆዩባት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ሁሉ ሠራዊቱን የሚቀልበው፣ ጭነቱን የሚሸከመው የበጌምድር ገበሬ ነበር። በታሪካችን እንኮራለን። ነገር ግን ሴባስቶፖል ስትነሣ መድፉን ማን እንደ ጎተተው፣ ወታደሩንም ማን እንዳበላው መርሳት የለብንም። ዛሬም ከተማ ሲሰፋ ዋጋውን የሚከፍለው ያው ገበሬ ነው።

2. መሬቱ ለምን ጠበበ?

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ልጅ ነበርኩ። ገባር ከጭሰኝነት ነፃ መውጣቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ከባለ ርስት እጅ የወጣው መሬት ወደ ገበሬው እጅ ሳይሆን ወደ መንግሥት እጅ ገባ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ፤ እንዳይሸጥም እንዳይለወጥም ከለከለ። የኢሕአዴግ መንግሥት በደርግ ላይ ብዙ ክስ ደርድሯል፤ የደርግን የመሬት ባለቤትነት ግን አልነካውም።

ይህ ምን አስከተለ? በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ የምታስታውሱ አላችሁ። ገበሬው «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» በሚል ስም ተከፋፍሎ፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ያገለገለ ሁሉ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይይዝ ተደረገ። እኔ ያኔ ወጣት የሕግ ባለሙያ ነበርኩ። አቤቱታ እንድጽፍላቸው ከመጡት ገበሬዎች አንዱ፣ «ልጄ፣ ቢሮክራት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የተፈረደባቸውን ስም ትርጉም እንኳ አያውቁም ነበር። አቤቱታውን ጻፍኩላቸው፤ መልስ አላገኙም። ባለቤት ያልሆነ ሰው መሬቱን ሲነጠቅ የሚከራከርበት መሬት እንደሌለው ያን ዕለት ተማርኩ።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የይዞታ ደብተር መሰጠቱ መልካም ሥራ ነበር። የባልና የሚስት ስም በአንድ ላይ መጻፉም የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ደብተሩ የሚያረጋግጠው ይዞታን እንጂ ባለቤትነትን አይደለም። ደግሞም ደብተር መሬት አይጨምርም። አባት የያዘው ሦስት ጥማድ ለአራት ልጆች ሲከፋፈል ለአንዱ አንድ ጥማድ እንኳ አይደርሰውም። ብዙው ወጣት ተስፋ ቆርጦ ከተማ ይገባል። የቀረውም ማሳውን ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፤ ምክንያቱም ዛፍ ቢያንስ ተቆርጦ ይሸጣል። እህል የሚበቅልበት መሬት ወደ ማገዶና ወደ አጣና ሲለወጥ በከተማ ገበያ የእህል ዋጋ ለምን ናረ ብሎ መገረም አያስፈልግም።

3. ከተማው ሲሰፋ ማን ያተርፋል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከተማ መስፋት አለበት። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ መኖሪያ ቤት የሚሠራው በመሬት ላይ ነው። ይህን የሚቃወም ፓርቲ የለም። ጥያቄያችን መሬቱ በምን ዋጋ ይወሰዳል፣ በምን ዋጋ ይሸጣል፣ በመካከል ያለው ልዩነት የማን ነው የሚል ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የዓመት ገቢው አማካይ በዐሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ይል ነበር። በካሣው ይግባኝ ለማለት እንኳ መጀመሪያ መሬቱን ማስረከብ ነበረበት። ይህ አዋጅ ከ14 ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተተካ፤ ዐሥሩ ዓመት 15 ሆነ፣ ስሌቱም በተሻለው ዓመት ገቢ ላይ ተመሠረተ። መሻሻሉን አንክድም። ግን ይበቃል ወይ? እስቲ አብረን እናስላ።

አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፤ 2,500 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል ከዚህ ጥማድ በጥሩ ዓመት 30,000 ብር ተገኘ እንበል። በ15 ሲባዛ 450,000 ብር ይሆናል። ለ2,500 ካሬ ሜትር ሲካፈል ለአንድ ካሬ 180 ብር ይደርሳል። አሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሂዱና በሰሌዳ የተለጠፈውን የሊዝ ጨረታ ውጤት አንብቡ። አንድ ካሬ በስንት አሸነፈ? ልዩነቱን በወረቀት ጻፉት። መሬት አይሸጥም በሚባልበት አገር ከሁሉ የሚበልጠው የመሬት ነጋዴ ማን እንደሆነ ያ ወረቀት ይነግራችኋል።

ሕገ መንግሥቱ በዚያው በአንቀጽ 40 አርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝብ ስለሚነካው የልማት ዕቅድ ሐሳቡ ሊጠየቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። በተግባር ግን ገበሬው የሚሰማው ችካል ከተተከለ በኋላ ነው። ይህ አካሄድ የት እንደሚያደርስ አይተናል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ የብዙ ወጣቶች ሕይወት ካለፈ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ያልተጠየቀ ሕዝብ በዕቅድ ላይ እምነት አይኖረውም፤ ዕቅዱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ።

የከተማው ተከራይስ ተጠቃሚ ሆኗል ወይ? አልሆነም። ገበሬው በርካሽ ይነሣል፣ ቦታው በውድ ይሸጣል፣ በውድ የገዛ በውድ ያከራያል። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የቀን ሠራተኛው የደመወዛቸውን ብዙውን ክፍል ለቤት ኪራይ ይከፍላሉ። ስለዚህ ገበሬውና ተከራዩ ጠላቶች አይደሉም። ሁለቱም በአንድ ሥርዓት የሚጎዱ ናቸው።

4. ወንበሩ በከተማ፣ ሕዝቡ በገጠር

የፋርጣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የት ነው? ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ነው። ፋርጣን የሚያስተዳድረው ሰው የሚሠራው የፋርጣ ሕዝብ በማይመርጥባት ከተማ ነው። የከተማው አስተዳደር ለብቻው ያቅዳል፤ ወረዳው ለብቻው ያቅዳል። መሬቱ ወደ ከተማ ሲከለል የሊዙ ገቢ ለከተማው ይሆናል፤ የተፈናቀለው ቤተሰብ ችግር ግን በወረዳው ይቀራል።

ይህን የሚያርም የተመረጠ ምክር ቤት መኖር ነበረበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ይሁን እንጂ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተላለፈ። በ2013 ዓ.ም. በክልላችን ድምፅ የሰጣችሁት ለሕዝብ ተወካዮችና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ነበር። በ2005 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ የወረዳው ወንበር ለሕዝብ ድምፅ አልቀረበም ነበር።

ቆጠራውም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። በዚህ ጽሑፍ የ1999 ዓ.ም. ቁጥር የጠቀስነው ከዚያ ወዲህ ሰው በሰው የተቆጠረ ስለሌለ ነው። ስንት ሰው እንዳለ ያልተቆጠረበት ወረዳ በጀቱ በምን ይለካል? የጤና ጣቢያው፣ የማዳበሪያው፣ የትምህርት ቤቱ ድርሻ በምን ይሰላል?

ጎረቤታችንን ኬንያን እንመልከት። በናይሮቢ አጠገብ ኪያምቡ የሚባል ሕዝብ የበዛበት አውራጃ አለ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጥሮበታል፤ ከናይሮቢ ቀጥሎ በአገሩ ሁለተኛው ነው። እዚያም የመሬት ችግር አለ፣ ሙስናም አለ። ነገር ግን የኪያምቡ ሕዝብ የመጀመሪያ አስተዳዳሪውንና ምክር ቤቱን በራሱ ድምፅ የመረጠው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ መርጧል። እኛ የወረዳ ምርጫ ባቆምንበት ዓመት እነርሱ ጀመሩ። ልዩነታችን በሀብት ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ተረዱ።

5. ለሚቀርቡብን ክርክሮች መልስ

«መሬት ለገበሬው ቢሰጥ ሸጦ ወደ ከተማ ይፈልሳል» ይሉናል። ሳይሸጥስ አልፈለሰም ወይ? ከላይ የጠቀስነው የደብረ ታቦር ዕድገት መሬት በማይሸጥበት ዘመን የመጣ ነው። ልዩነቱ የዛሬው ፈላሽ ባዶ እጁን መግባቱ ነው። ገበሬው አስተዋይ ነው፤ «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» የሚለው አባባል የእርሱ ነው። ድንገት ለችግር የሚሸጠውን ለመጠበቅ ደግሞ የሕግ ገደብ ማበጀት ይቻላል።

«ሕዝቡ በዝቷል፤ መፍትሔው ሠፈራ ነው» የሚሉም አሉ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ከደጋው ሰዎች ወደ መተማና ወደ ቋራ ተወስደዋል። በፈቃዱ የሚሄድን አንከለክልም። ሰውን ከወባ፣ ከግጭትና ከማያውቀው አየር ጋር አጋፍጦ መልቀቅ ግን ፖሊሲ አይባልም። ሕዝብ መብዛቱ ኃጢአት አይደለም። ሕዝብ በዝቶ ሥራው ከሞፈርና ከቀንበር አለማለፉ ነው ችግሩ።

«አሁን ጊዜው የሰላም ነው እንጂ የመሬት አይደለም» የሚለው ክርክር የሚከብድ ነው፤ አናቃልለውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫን አልፎ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ ወድቋል፤ ሰላማዊ ሰዎች በቤታቸው ሞተዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት ቀርቶ አይተናል። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል። እኛ ለልዩነት መፍቻው ድርድርና የድምፅ መስጫ ኮሮጆ እንጂ ጠመንጃ ነው ብለን አናምንም። ነገር ግን መሬት የሌለው፣ ሥራ የሌለው፣ የሚመርጠው ምክር ቤት የሌለው ወጣት በሞላበት አገር ሰላም በትእዛዝ አይጸናም።

6. ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

ሕግ እንደተማረ ሰው ለመራጭ መዋሸት አልፈልግም። የመሬትን ባለቤትነት ለገበሬው መስጠት አንቀጽ 40ን ማሻሻል ይጠይቃል። ይህ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስለሆነ ለማሻሻል የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች ይሁንታና የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የየሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ «በመቶ ቀን እናደርገዋለን» አንልም። ጥያቄውን በሕጋዊ መንገድ እናቀርባለን፤ እስኪሳካም አንተውም። እስከዚያው ግን በምክር ቤት ድምፅ ካገኘን የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል እንገባለን።

ሀ) ከገበሬ ተወስዶ በሊዝ ከተሸጠ መሬት ገቢ ቢያንስ ሲሶው ለተነሺው ቤተሰብና ለሚኖርበት ቀበሌ ልማት እንዲውል የሚያስገድድ የክልል ሕግ እናቀርባለን።

ለ) ካሣ በእጁ ሳይገባ፣ ምትክ ቦታም ሳይሰጠው ከይዞታው የሚነሣ ገበሬ እንዳይኖር፣ የካሣ ክርክሩም በሽምግልናና በፍርድ ቤት ፈጥኖ እንዲታይ እናደርጋለን።

ሐ) ደብረ ታቦርና ፋርጣ የጋራ የዕቅድ ጉባኤ እንዲኖራቸው፣ የከተማው ፕላን ችካል ከመተከሉ በፊት በየቀበሌው ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ እናደርጋለን።

መ) የወረዳና የቀበሌ ምርጫ እንዲሁም የሕዝብ ቆጠራ ያለ ተጨማሪ ማራዘም እንዲካሄዱ በምክር ቤት እንታገላለን።

ሠ) መሬት ለሌለው ወጣት ከእርሻ ውጭ ሥራ እንከፍታለን። ድንቹ በመኸር ወቅት በርካሽ ተሸጦ በክረምት በውድ እንዳይገዛ የማከማቻ መጋዘን፣ ለጎንደር ብቅል ፋብሪካ የሚሆን የቢራ ገብስ አምራቾች ማኅበር፣ የወተትና የቆዳ ማቀነባበሪያ ለዚህ ደጋ የሚስማሙ ናቸው። ብድሩ በፓርቲ አባልነት ሳይሆን በሥራ ዕቅድ ይሰጣል።

ረ) «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው፣ ጉና ሥር ተቀምጦ ውኃ በፈረቃ መጠበቅ ያሳፍራል። የጉና ተዳፋት ከግጦሽና ከእርሻ አርፎ እንዲያገግም እናደርጋለን፤ ይህን የሚጠብቁት የፋርጣ ቀበሌዎች ከከተማው የውኃ ገቢ ድርሻ ያገኛሉ። ውኃውን የሚጠጣ ለጠባቂው መክፈሉ ፍርድ ነው።

የተከበራችሁ መራጮች!

እናንተ የከተማ ሰዎች ብትሆኑም ብዙዎቻችሁ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንት፣ በእብናት ወይም በደራ እናት አባት፣ ወንድም እኅት አላችሁ። ለእነርሱ ስትሉ ብቻ አይደለም፤ ለራሳችሁ ኪራይ፣ ለራሳችሁ እንጀራ፣ ለራሳችሁ የቧንቧ ውኃ ስትሉ ዙሪያችሁን አስቡ። ቅስቀሳ ይዞ የሚመጣውን እጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ከገበሬ በስንት ተወስዶ በስንት ይሸጣል? የወረዳው ምርጫ መቼ ነው? መሬት ያልደረሰው ልጅ ምን ሠርቶ ይብላ? ለሦስቱም መልስ የሌለው ድምፃችሁን አይገባውም።

የምርጫ ካርዳችሁን አውጡ። ካወጣችሁ በኋላም አትሽጡት፣ አታስነጥቁት። በምርጫው ዕለት ማልዳችሁ ውጡ፤ ኮሮጆው እስኪቆጠርም ታዛቢዎቻችሁን አጽኑ። ፍርዱን ለእናንተ ትተናል።